የጥንት የበረሃ ሰዎች ቤትና መንደር አሠራር

(በካምፓችን ትምህርት ቤት አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የዛሬው ንግግራችን ርእስ የጥንት የበረሃ ሰዎች ቤታቸውንና መንደራቸውን እንዴት ይሠሩ ነበር የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «የጥንት ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝናቡ ሊገባ ግን የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ባለፈው ዝናብ ስንት ግድግዳ እንደተናደ፣ ስንት ቤተሰብ ልጆቹን ታቅፎ ቆሞ እንዳደረ ሁላችንም እናውቃለን።

በካምፓችን ውስጥ ስለ ቤት ሁለት አነጋገሮች ደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው «ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው፤ ሲሚንቶ ካልተሰጠን ምን ቤት ይባላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ነገ ጥለነው ለምንሄደው ቤት ለምን እንለፋለን?» የሚል ነው። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች ምክንያት መጠገን የሚገባው ግድግዳ ሳይጠገን ዝናቡ ይደርሳል። ስለዚህ በበረሃ ከእኛ በፊት የኖሩ ሰዎች ለሁለቱም ምን መልስ እንደሰጡ ለማየት ነው የተሰበሰብነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጡብ የሚለው ቃል

ከቃሉ እንነሣ። እኛ ጡብ የምንለውን ዓረቦችም ጡብ ይሉታል። ዓረቦች ቃሉን ያገኙት ከግብፅ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ቋንቋ በሆነው በቅብጥ «ቶቤ» ይባል ነበር፤ የቅብጡ ቃል ደግሞ በፈርዖኖች ዘመን ይነገር ከነበረው ቋንቋ የወረደ ነው። ዓረቦች እስፓንያን በገዙበት ዘመን ቃሉ ወደዚያ ተሻገረና እስፓንያውያን «አዶቤ» አሉት። እነርሱም ውቅያኖስ አቋርጠው አሜሪካ ሲገቡ ቃሉን ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ በረሃዎች የጭቃ ጡብ አዶቤ ይባላል። እኛም ዛሬ የምንሄደው ቃሉ በሄደበት መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎ ወደ አሜሪካ በረሃ፣ በመጨረሻም ወደ ካምፓችን እንመለሳለን።

ግብፅ

ግብፅ ከዓባይ ግራና ቀኝ ካለው ጠባብ ለም መሬት በቀር በረሃ ናት። በደቡቡ ክፍል ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ለቤት የሚሆን እንጨትም ብርቅ ነው። ፈርዖኖች ለመቃብራቸውና ለቤተ መቅደሳቸው ድንጋይ አስፈልጠዋል። ለመኖሪያ ግን ገበሬውም ንጉሡም የሚያድሩት በጭቃ ጡብ ቤት ነበር። ቤተ መንግሥቶቻቸው እንኳ በፀሐይ ከደረቀ ጡብ የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ «ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው» የሚለው አባባል በፈርዖን አገር አይሠራም ነበር ማለት ነው።

ከሉክሶር ከተማ ፊት ለፊት፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ ሬክሚሬ የተባለ የፈርዖን ታላቅ ሹም መቃብር ይገኛል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1400ዎቹ ውስጥ ነው። በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የጡብ ሥራ በሥዕል ተሥሏል። ሰዎች ከኩሬ ውኃ ይቀዳሉ፤ ሌሎች ጭቃውን በዶማ ያቦካሉ፤ ሌሎች ይሸከማሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእንጨት ፎርማ ያወጣል፤ ጡቡም ተደርድሮ ይደርቃል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ ልጆቻችን በየብሎኩ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው። ዶማው ብረት ከመሆኑ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

ኦሪትን የምታውቁ በዘጸአት ምዕራፍ 5 የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ። ፈርዖን እስራኤላውያንን ሊያስጨንቅ በፈለገ ጊዜ ጭድ ከለከላቸው፤ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰላቸውም። ጭድ ይህን ያህል ያስጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭድ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲያድር ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። ይህን አገር ቤት ቤት የሠሩ አባቶቻችንና ጭቃ የመረጉ እናቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያስረዳሉ።

እዚያው አካባቢ ዳግማዊ ራምሴስ ያሠራው ቤተ መቅደስ አለ። ይህ ንጉሥ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200ዎቹ ነው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የእህል ጎተራዎች ይታያሉ። ጣራቸው አንድም እንጨት የሌለበት፣ እንደ ቀስት የጎበጠ የጭቃ ጡብ ነው። ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ብዙዎቹ ቆመዋል። ሐሰን ፋትሒ የተባለው ግብፃዊ የቤት ንድፍ ባለሙያ በ1940ዎቹ ለድሆች ቤት ሲያስብ ለጣራ የሚሆን እንጨት ችግር ሆነበት። በዚያን ጊዜ በአስዋን አጠገብ ባሉ የኑብያ መንደሮች ይህንኑ ጣራ ያለ እንጨት ድጋፍ የሚሠሩ ግንበኞች አገኘ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆይቷል።

ውኃ የሌለው መንደር

አሁን ወደ አንድ መንደር እንግባ። ዛሬ ዴር ኤል መዲና ይባላል። የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚያስጌጡ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ለ400 ዓመት ያህል የኖሩበት ነው። በግንብ የታጠረ ሲሆን ከ70 የማይበልጡ ቤቶች ነበሩት። መንደሩ ከዓባይ ርቆ በደረቅ ሸለቆ ውስጥ ስለተሠራ የውኃ ጉድጓድ አልነበረውም። ውኃ በአህያ ተጭኖ ይመጣላቸው ነበር። እህልም በየወሩ ከመንግሥት ጎተራ ይሰፈርላቸዋል፤ የአንድ ሠራተኛ ድርሻ አራት ከረጢት ስንዴና አንድ ተኩል ከረጢት ገብስ ነበር። ውኃ ከሌላ፣ እህል ከሌላ ማለት ነው። ይህን ስንናገር ፈገግ ያላችሁትን እያየን ነው፤ ኑሮው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሣልሳዊ ራምሴስ በ29ኛው ዓመተ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150ዎቹ ግድም፣ እህሉ በመዘግየቱ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጥተው ከቤተ መቅደሶቹ አጠገብ ተቀመጡ። ይህም በጽሑፍ ከተገኙት የሥራ ማቆም ታሪኮች የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ከዚህ መንደር የምንማረው ግን ስለ ቤታቸው ነው። ቦታውን ያሰመረው መንግሥት ነው፤ ቤቶቹም ጠባብና ረጅም ሆነው በመስመር የተደረደሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱን እንደሚስማማው አሻሻለው። የግድግዳው ግርጌ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ ጡብ ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ ያለው ክፍል ከሌሎቹ ከፍ ያለ ጣራ ስላለው መስኮቶቹን ከላይ ከጣራው ሥር አወጧቸው፤ ብርሃን ይገባል፣ የሞቀው አየርም ወደ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። በግድግዳው ሥር እንደ እኛው መደብ የጡብ መደብ ሠሩ። ወጥ ቤቱ ከበስተኋላ ነው፤ ጢሱ እንዲወጣ ጣራው በሙሉ አልተደፈነም። ከዚያ ደረጃ ወደ ጣራው ያወጣል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ስለተያያዙና መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። በበሩ መቃን ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። በእኛ በር ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ስም ግን ማንም ሰው በገዛ እጁ ሊጽፍ ይችላል።

የአሜሪካ በረሃ

አሁን ቃሉ ወደ ተሻገረበት አገር እንሂድ። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ሶኖራ የሚባል በረሃ አለ። እስፓንያውያን ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ እስከ 1450 ግድም ድረስ፣ ዛሬ ሆሆካም ተብለው የሚጠሩ ሕዝቦች በሶልትና በሂላ ወንዞች አካባቢ ይኖሩ ነበር። የጭነት ከብት፣ ጋሪ፣ የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም። በእንጨት ቆፍረውና በቅርጫት ተሸክመው በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የመስኖ ቦይ አወጡ። በቆሎ፣ ባቄላ፣ ዱባና ጥጥ አመረቱ።

ለብዙ ዘመን የሠሩት ቤት እንዲህ ነው። መሬቱን ጥቂት ቆፍረው ወለሉን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ምሰሶ ያቆማሉ፤ ቅርንጫፍና ሣር ያለብሳሉ፤ ከላይ ጭቃ ይመርጋሉ። ከቤቱ በላይ ልናስተውል የሚገባን ግን አቀማመጡን ነው። ጥቂት ቤቶች በራቸውን ወደ አንድ የጋራ ግቢ ያዞራሉ። ማብሰሉ፣ መፍጨቱ፣ ሸክላ መሥራቱ፣ ልጅ መጠበቁ ሁሉ በዚያ ግቢ ነው። ቤቱ ለመኝታና ለዕቃ ሲሆን ቀኑ የሚያልፈው በጥላ ሥር በጋራ ነው። ከትልልቆቹ መንደሮቻቸው አንዱ ስኔክታውን ይባላል። ውኃ የሚያገኘው ከሂላ ወንዝ ነው፤ የተሠራው ግን ጎርፉ ከሚደርስበት ሜዳ ከፍ ባለው መሬት ላይ ነው።

በ1350 ግድም ደግሞ እስፓንያውያን ኋላ «ካሳ ግራንዴ» ማለትም ታላቅ ቤት ያሉትን ሠሩ። ፎርማ አልነበራቸውም። ኖራ የበዛበትን የበረሃውን ጠንካራ አፈር ከውኃ ጋር አቡክተው በእጃቸው ንብርብር በንብርብር እየጨመሩ አራት ፎቅ አደረሱት። ግድግዳው ከሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ወደ ላይ እየሄደ ይሳሳል። ለጣራውና ለፎቁ የሚሆን እንጨት ግን በአካባቢው ስላልነበረ በመቶዎች የሚቆጠር ግንድ ከሩቅ ተራሮች በሰው ጉልበት መጣ።

ይህ ቤት ዛሬም ቆሟል። ታሪኩ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሰዎቹ ለቀው ከሄዱ በኋላ ጣራው ጠፋ፤ ዝናቡ ከላይ ገባ፤ ግርጌውም በእርጥበት እየተበላ ሄደ። በ1891 የግድግዳው ግርጌ በጡብ ተደግፎ ተጠገነ። በ1932 ደግሞ ከበላዩ የብረት ጣራ ተሠራለት። ያን የሚያህል ወፍራም ግድግዳ የሚያጠቃው ከግርጌው የሚገባ ውኃና ከራሱ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። የእኛንም ግድግዳ የሚጥሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ከአሪዞና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ሜሳ ቬርዴ የተባለ ደረቅ አምባ አለ። እዚያ የኖሩት የፑኤብሎ ሕዝቦች አባቶች በ1200ዎቹ በገደል ዋሻዎች ውስጥ ከድንጋይና ከጭቃ መንደር ሠሩ። ትልቁ መንደር 150 ያህል ክፍሎች አሉት። ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያይ ዋሻ ሲመርጡ በምክንያት ነው። በዚያ አገር በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ወደ ዋሻው ገብታ ታሞቃቸዋለች፤ በበጋ ከአናት ላይ ስትሆን የዋሻው ጣራ ይከልላቸዋል። ከ1276 እስከ 1299 ግን ብርቱ ድርቅ ሆነ። በ1300 ግድም ሁሉም ለቀው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። የዛሬዎቹ ሆፒ፣ ዙኚና ሌሎች የፑኤብሎ ሕዝቦች የእነርሱ ልጆች ናቸው። ቤቱን መሸከም አልቻሉም፤ አሠራሩን ግን ይዘውት ሄዱ። በኒው ሜክሲኮ ግዛት ታኦስ ፑኤብሎ የተባለው የጭቃ መንደር ብዙ መቶ ዓመት አስቆጥሮ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ነዋሪዎቹ ግድግዳውን በየጊዜው እንደገና ይመርጉታል። ጠግኖ የመኖር ልማድ ባይኖር መንደሩ እስከ ዛሬ አይደርስም ነበር።

ወደ ካምፓችን

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ልናደርጋቸው የምንችላቸውን እንዘርዝር። ከአንዱም በቀር የሌላ ሰው ፈቃድ ወይም ዕርዳታ የሚጠይቅ የለም።

አንደኛ፣ ቦታ። ከደረቁ ወንዝ ዳር ቤት አንሥራ። ወንዙ አሥር ወር ደረቅ ስለሆነ የሞተ አይደለም። በዳርቻው የሠፈሩ ቤተሰቦች ሌላ ቦታ እንዲሰጣቸው የብሎክ መሪዎች ከአሁኑ ለካምፑ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

ሁለተኛ፣ ግርጌ። የግድግዳው የመጀመሪያ ረድፎች ድንጋይ ይሁኑ። ለተሠራ ቤትም ቢሆን ከውጭ በኩል ድንጋይና አፈር ደልድለን ውኃው ከግድግዳው እንዲርቅ ማድረግ እንችላለን። በዙሪያው ትንሽ የጎርፍ መውረጃ እንቆፍር፤ ስንቆፍር ግን ውኃውን ወደ ጎረቤት ደጃፍ እንዳንልከው እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ከፈፍ። ጣራው ከግድግዳው አልፎ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይውጣ። ከግድግዳው እኩል የተቆረጠ ቆርቆሮ ውኃውን በቀጥታ በግድግዳው ላይ ያፈስሰዋል።

አራተኛ፣ ሙቀት። ሸራና ቆርቆሮ ፀሐይ እንደነካቸው ወዲያው ይግላሉ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ቀኑን ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ቆርቆሮ ያለን ከሥሩ ክፍተት ትተን ሰሌን ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ እንዘርጋ። ከጣራው ሥር በሁለት በኩል ትንንሽ መስኮት እንተው። እኛ ያለንበት አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ የምትከብደው በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ነው። ስለዚህ የቤቱን ጠባብ ጎን ወደነዚህ እናዙር፤ በምዕራብ በኩል መስኮት ባናወጣ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ጡቡ ራሱ። አሸዋ የበዛበት አፈር ይፈረፈራል፤ ሸክላ የበዛበት ይሰነጠቃል። ሁለቱን እያመጣጠንን ሦስት አራት ዓይነት ጡብ እንሞክር። በሚገባ ሲደርቅ ከወገብ ከፍታ ጣሉት፤ ብትንትን ካለ ድብልቁ ጥሩ አይደለም። ጡቡ በአንድ ቀን ፀሐይ እንዳይሰነጠቅ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ጥላ እናልብሰው።

ስድስተኛ፣ ጉድጓዱ። አፈር ያወጣንበት ጉድጓድ ዝናብ ሲሞላው ትንኝ ይራባበታል፤ ሕፃናትም ይገቡበታል። ጡብ የሠራ ሁሉ ጉድጓዱን ይድፈን። አንድ ብሎክ አንድ ቦታ መርጦ በጋራ ቢቆፍር ደግሞ አጥሮ መጠበቅም፣ መድፈንም ይቀላል።

ሰባተኛ፣ እንጨት። በዚህ አካባቢ ያለው ዛፍ ከእኛ በፊት ለኖሩት ለአገሩ ሰዎችና ለከብቶቻቸው ጥላና መኖ ነው። በዛፍ ምክንያት ጠብ እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። የጡብ ግድግዳ ማገርና ወጋግራ አይፈልግም። ጡብ በሠራን ቁጥር የምንቆርጠው እንጨት ይቀንሳል። የግብፆቹን የቀስት ጣራ ግን ሙያውን ሳይማር ማንም አይሞክር፤ ሰው ላይ ይወርዳል።

ስምንተኛ፣ ደቦ። ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎች፣ ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፣ አካል ጉዳተኞች በየብሎኩ አሉ። ዝናቡ መጀመሪያ የሚጥለው የእነርሱን ግድግዳ ነው። በአገራችን ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላና ቆሎ ያቀርብ ነበር፤ እዚህ ውኃ ካቀረበ ይበቃዋል። ወጣቶቻችን በመጀመሪያ የእነርሱን ቤት እንዲመርጉ እንለምናለን።

«ነገ ለምንሄደው»

በመጨረሻ ወደ ሁለተኛው አነጋገር እንመለስ። እውነት ነው፣ እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን ወደ አገራችን፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሦስተኛ አገር እንሄድ ይሆናል፤ ቀኑን ግን ማናችንም አልተነገረንም። «ዘንድሮ እንሄዳለን» እያሉ በሸራ ሥር ብዙ ዝናብ ያሳለፉ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጆች ተወልደዋል፤ እዚህ ትምህርት ቤትም ገብተዋል። ልጅ ደግሞ እስክንሄድ ድረስ ማደጉን አያቆምም። የሚያድርበት ቤት ቀዝቃዛና ደረቅ ሊሆን የሚገባው ዛሬ ነው።

የሜሳ ቬርዴ ሰዎችም ሄደዋል። ሆኖም ግድግዳውን በሚገባ የገነቡት ስለሚኖሩበት እንጂ ለዘላለም ይቆያል ብለው አይደለም። ሲሄዱም ሙያው አብሮአቸው ሄደ። ከእኛም ውስጥ እዚህ ግንበኝነት የሚማር ወጣት በየትም አገር ሙያውን ይዞ ይገባል። ትተነው የምንሄደው ቤት ደግሞ ከእኛ በኋላ ለሚመጣ ስደተኛ መጠለያ ይሆናል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተገናኝተን ድብልቁን እንሞክራለን። ፎርማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጭድ ስለሌለን ደረቅ ሣር እንጠቀማለን። አገር ቤት ቤት የሠራችሁ አባቶች፣ የመረጋችሁ እናቶች በተለይ እንድትገኙ እንጠይቃለን፤ በዚያን ቀን አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ።